ከሽያጭ ወደ ንግድ ልማት፦ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚያድግ የሥራ ሕይወት

ሽያጭ ያለውን ዕቃ ላለው ገዢ ማድረስ ነው። የንግድ ልማት፣ በየመሥሪያ ቤቱ እንደሚጠራው ቢዝነስ ዴቨሎፕመንት፣ ገና ያልተገኘ ገዢ፣ ያልተከፈተ መስመር፣ ያልተፈረመ ሽርክና ፍለጋ ነው። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ሊሠራቸው ይችላል፤ የሚለያዩት በጊዜያቸውና በመለኪያቸው ነው። ሻጩ በወሩ መጨረሻ «ስንት ሸጥህ?» ይባላል። የንግድ ልማት ሠራተኛው ግን ድርጅቱ በሚቀጥለው ዓመት ከየት እንደሚበላ ይጠየቃል። የሥራ ማስታወቂያዎች ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ ያደባልቁታል። በንግድ ልማት ስም የተቀጠረ ወጣት ሥራው በየሱቁ እየዞረ የባንክ ደብተር ማስከፈት ብቻ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። በአንጻሩ በሽያጭ ሠራተኛነት ደመወዝ የሚበላ ሰው አንዲት ወረዳ ሙሉ ለድርጅቱ ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመደቡ ስም ይልቅ ሥራው የሚጠይቀውን ውሳኔ ማየት ይሻላል።

ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ስንቅ በአብዛኛው ከዲግሪ በፊት ይጠራቀማል። ስንቁ ገዢው ለምን እንደማይገዛ ማወቅ ነው። ይህን ለማየት የአምቦ መንገድ ጥሩ ቦታ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣው አስፋልት ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አምቦ ይደርሳል። ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ርቃ ጉደር ትገኛለች። መንገዱ ጌዶን፣ ኢጃጂንና ባኮን ይዞ ወደ ነቀምቴ ይቀጥላል። የዞኑ ንግድ በዚህ አንድ መስመር ላይ እንደ ተሰካ ዶቃ ይመስላል፤ ሆኖም ገንዘቡ ያለው በመስመሩ ላይ ብቻ አይደለም። ከጊንጪ ወደ ሰሜን ታጥፎ የጀልዱ ወረዳዋ ጎጆ ከተማ አለች፤ ከአምቦ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ደግሞ በወንጪ በኩል ወሊሶ ይደርሳል። አስፋልቱን ብቻ የሚያውቅ ሻጭ የሌላውም ድርጅት መኪና በሚቆምበት ሱቅ ደጃፍ ተራ ይጠብቃል። ወደ ውስጥ የሚገቡትን መንገዶች፣ የየከተማውን የገበያ ቀንና በክረምት የትኛው ጭቃ አይሱዙ እንደሚይዝ የሚያውቀው ግን፣ ሳይታወቀው የንግድ ልማት መረጃ እየሰበሰበ ነው።

ወቅቱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጤፍና ስንዴ ከተወቃ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ ገበሬው እጅ ገንዘብ ይገባል፤ ሠርግ ይደገሳል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ የሱቁ ዕዳ ይከፈላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ የዱቤው ደብተር ያብጣል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ከሥጋው ጋር የሚጠጣውም አብሮ ይቀንሳል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለዕረፍት ሲበተኑ የሻይ ቤቱና የፎቶ ኮፒ ቤቱ ገቢ ይወርዳል። ዋና መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ለአሥራ ሁለቱም ወር እኩል ኮታ የሚያወርድ ሥራ አስኪያጅ ይህን አያይም። ከአምቦ የወራቱን ልዩነት በአኃዝ አስደግፎ የሚያቀርብለት ሻጭ ከተገኘ፣ ያ ሰው ከሽያጭ ሥራ አንድ እግሩን አውጥቷል።

የአካባቢው ትልቁ የሽያጭ ትምህርት ቤት አምቦ ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከምድር ጋዙን ይዞ የሚፈልቀው ማዕድናም ውሃ ከእ.ኤ.አ. 1930 ጀምሮ በጠርሙስ ሲታሸግ ኖሯል። ፋብሪካው ከአምቦ ወጣ ብሎ ሰንቀሌ ላይ ነው። በደርግ ዘመን የመንግሥት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሳብሚለር የተባለው ዓለም አቀፍ ኩባንያ በሽርክና ገባበት። ከዚያ ወዲህ ጣዕም የተጨመረባቸው ዓይነቶች ገበያ ላይ ወጡ። ይህ ታሪክ በራሱ በሽያጭና በንግድ ልማት መካከል ያለውን ርቀት ያሳያል። አሥርታት ሙሉ አንድ ውሃ፣ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ፣ ለለመደው ገዢ መሸጥ አንድ ሥራ ነው፤ ጋዝ ያለውን ውሃ «መራራ ነው» ለሚል ወጣት ሌላ ጣዕም አዘጋጅቶ ማቅረብ ሌላ ሥራ ነው።

ሆኖም የታወቀ ስም መሸጥ ብዙ አያስተምርም። አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ ሥጋ ቤት የተቀመጠ ሰው «አምቦ አምጣልኝ» ብሎ ያዛል፤ እሱን ማንም አላግባባውም። የዕቃውን ስም የራሱ ችሎታ አድርጎ የሚቆጥር ሻጭ ወደማይታወቅ ዕቃ የተዛወረ ዕለት ይደነግጣል። ጠቃሚው ትምህርት የሚገኘው እምቢ ከሚለው ባለሱቅ ነው፤ ስለዚህ የእምቢታውን ምክንያት በቅርብ ማየት ያስፈልጋል።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ ባለግሮሰሪ ለስላሳና የማዕድን ውሃ በብዛት መያዝ አልፈልግም ይላል እንበል። ሻጩ ዋጋ ተወዶበት ነው ብሎ ቅናሽ ያቀርባል፤ ሰውየው አሁንም እምቢ ይላል። ነገሩ ሲጣራ ዋጋው እንዳልሆነ ይታያል። ተመላሽ ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው የመጠጡን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የጠርሙሱንና የሳጥኑን መያዣም ይከፍላል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ሳጥን መያዣ 500 ብር ቢሆን፣ 20 ሳጥን ለመያዝ 10,000 ብር ይታሰራል። ይህ ገንዘብ ትርፍ አያመጣም፤ ባለሱቁ ሥራውን እስኪተው ድረስ ባዶ ጠርሙስ ሆኖ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ገዢ በዱቤ የወሰደው ጠርሙስ ሲሰበር ዕዳው የባለሱቁ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁ ይሞቃል፣ የሞቀ ለስላሳ ደግሞ ማንም አይፈልግም። መኪናው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ የሰባት ቀን ዕቃ በአንድ ጊዜ መግዛት ግድ ይሆናል። አራቱም ምክንያቶች በባለሱቁ አፍ «አይሸጥልኝም» ተብለው በአንድ ቃል ይጠቃለላሉ።

ሻጩ ይህን ሰምቶ ወደሚቀጥለው ሱቅ ቢሄድ ሥራውን አላጎደለም። የንግድ ልማት የሚጀምረው ይኸው መልስ በአሥር ሱቆች ሲደጋገም ልብ ያለ ሰው ሲገኝ ነው። በዚያ ከተማ መጋዘን ያለው ጅምላ ነጋዴ ንዑስ ወኪል ቢሆንና ሳጥኖቹን እሱ ቢይዝ፣ ቸርቻሪዎቹ በየቀኑ ሦስት አራት ሳጥን እየወሰዱ ሊሠሩ ይችላሉ። የመያዣውን ገንዘብ ብድርና ቁጠባ ተቋም ቢያበድር ጅምላ ነጋዴው አይጨናነቅም። ድርጅቱ ፍሪጅ ካቀረበ፣ ፍሪጁ ውስጥ የማን ዕቃ እንደሚቀመጥ በውል ይወሰናል። እዚህ ላይ ለሻጩ አዲስ የሚሆነው ነገር የሚያግባባው ሰው መለወጡ ነው። ከገዢው ጋር መስማማት አይበቃም፤ አበዳሪው፣ ጅምላ ነጋዴውና የራሱ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ሦስቱም እሺ ማለት አለባቸው። ብዙ ጎበዝ ሻጮች የሚሰናከሉት በሦስተኛው ላይ ነው፤ ውጭውን አሳምነው ሲመለሱ የቤታቸውን ሰው ማሳመን ያቅታቸዋል።

ከመጠጥ ወጥቶ ወደ ግብርና ሲኬድ የጀልዱ ድንች የበለጠ ጥልቅ ምሳሌ ይሰጣል። ጀልዱ ደጋ ነው፣ ድንች ይስማማዋል። ለምግብ የሚሆን ድንች ግን ዋጋው በመኸር ሰሞን ይወድቃል፣ ቶሎም ይበላሻል፤ በዚህ ገበያ ላይ የተሻለ ሻጭ መሆን ትርፉ ትንሽ ነው። ለውጡ የመጣው ሌላ ዕቃ በመሸጥ ነው፤ ዕቃውም ዘር ነው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን እንደ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎች የጀልዱ አርሶ አደሮች እያባዙ ለሌላ አካባቢ በዘርነት መሸጥ ጀመሩ። ለዚህ የተጠቀሙበት ጎተራ የተለየ ነው፤ ከእንጨትና ከቀርከሃ የሚሠራ፣ ጣራው ዝናብና ፀሐይ የሚከለክል፣ ጎኑ ግን አየርና ብርሃን የሚያስገባ፣ ውስጡ መደርደሪያ መደርደሪያ የሆነ። በጨለማ የተከማቸ ድንች ረዥም፣ ነጭና የሚቀነጠስ ቡቃያ ያወጣል። ብርሃን ያገኘው ግን አረንጓዴ ሆኖ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ይዞ ወራት ይቆያል። ለምግብ አይሆንም፤ ለዘር ግን ተመራጭ ነው።

መደርደሪያው በንግድ ዓይን ሲታይ አርሶ አደሩ ዋጋ በወደቀበት ሳምንት ከመሸጥ የሚድንበት መሣሪያ ነው። ጎተራው ብቻውን ግን ገበያ አላመጣም። ዘሩ ከበሽታ ነጻ መሆኑን የሚመሰክር ያስፈልግ ነበር፤ የባክቴሪያ አጠውልግ ያለበት አንድ ጭነት የአካባቢውን ሁሉ ስም ያጠፋልና። ብዙ ገበሬ በማኅበር ተደራጅቶ አንድ ዓይነት ዝርያ በአንድ ጊዜ ካላቀረበ ከሩቅ የሚመጣ መኪና አይሞላም። ገዢዎቹም ዓይነታቸው ሌላ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ትልልቆቹ ገዢዎች የግብርና መሥሪያ ቤቶችና የልማት ድርጅቶች ሆነው ቆይተዋል። እነሱ በሚዛን ፊት ቆመው አይከራከሩም፤ ውል፣ ደረሰኝና የማኅበሩን ሕጋዊ ሰነድ ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። የፕሮጀክት ገንዘብ የፈጠረው ገበያ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ በዘር ንግድ ላይ የሚሠራ የንግድ ልማት ሰው የመጀመሪያውን ትልቅ ትእዛዝ አግኝቶ ከመደሰቱ በፊት ዘሩን በራሳቸው ገንዘብ የሚገዙ ገበሬዎች የት እንዳሉ መፈለግ ይኖርበታል።

የአምቦ መንገድ ሻጭ ከአንዱ ዘርፍ ወደ ሌላው ሲዛወር ብዙዎች «አንድ ቦታ አይረጋም» ይሉታል። ፍርዱ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። መጠጥ፣ ዘር፣ ባንክና ስልክ ዕቃቸው ይለያይ እንጂ የሚያልፉት በዚያው መንገድ፣ በእነዚያው ሱቆችና በእነዚያው ሰዎች በኩል ነው። የግል ባንክ እንዲቋቋም አዋጅ ቁጥር 84/1986 ከፈቀደ በኋላ አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ባንኮች ወደ ወረዳ ከተሞች ቅርንጫፍ ባወጡ ቁጥር ያስፈለጋቸው ሰው የሒሳብ መዝገብ ከሚያውቀው ይልቅ የትኛው እህል ነጋዴ በየትኛው ወር ገንዘብ እንደሚበዛበት የሚያውቀው ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ኤምፔሳ በዚያው ዓመት ነሐሴ ተከተለ። የእነዚህ አገልግሎቶች ወኪል መመልመል ከቀድሞው የለስላሳ ወኪል ምልመላ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ወኪሉ ለጥሬ ገንዘብ ልውውጥ የሚያስቀምጠው ብር ልክ እንደ ጠርሙሱ መያዣ የታሰረ ካፒታል ነው፤ በገበያ ቀን ከሰዓት በፊት ብሩ ካለቀበት ደንበኛው ነገ አይመለስም። የሳጥኑን ችግር የፈታ ሰው ይህን ለመረዳት ሥልጠና አያስፈልገውም።

የማይሻገረውንም መናገር ያስፈልጋል። ከመጠጥ ወደ ባንክ የሄደ ሰው የብድር ሕግና የደንበኛ ምስጢር አጠባበቅ ከባዶ መማር አለበት። ወደ ዘር የሄደው ደግሞ ዕቃው ሕይወት ያለው መሆኑን፣ የተሸጠው ስህተት የሚታወቀው ከወራት በኋላ በሰው ማሳ ላይ መሆኑን መልመድ ይኖርበታል። በየዘርፉ ዓመት ሳይሞላው የሚዘል ሰው አንድም ሙሉ የመኸር ዑደት ስላላየ፣ የሥራ ታሪኩ ረዥም ሆኖ እውቀቱ አጭር ይሆናል። በምዕራብ ሸዋ ንግድ አንድን ዘርፍ አውቄዋለሁ ለማለት ቢያንስ ሁለት ክረምትና ሁለት የመኸር ሰሞን ማየት ሚዛናዊ ይመስላል።

ቋንቋም የዚህ ስንቅ አካል ነው። በአምቦ፣ በጉደርና በጎጆ ገበያ የሚነገደው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የክልሉ መሥሪያ ቤት ደብዳቤም በቁቤ ይጻፋል። የአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚፈልገው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። በሦስቱም መናገር ብቻ ሳይሆን መጻፍ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ገበያ ላይ የሰማውን በጽሑፍ ማቅረብ የማይችል ሻጭ፣ የሱን እውቀት ሌላ ሰው ጽፎ በስሙ ሲያቀርበው ማየቱ አይቀርም። ከእ.ኤ.አ. 1947 የግብርና ትምህርት ቤትነት ተነሥቶ ያደገው አምቦ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማ ስላለ፣ የሒሳብ አያያዝና የንግድ ጽሑፍ ትምህርት ለመከታተል ቦታ መልቀቅ የግድ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ መማር ያለበት የወጪ ስሌት ነው። ሻጭ የሽያጭን መጠን ያውቃል፤ ከሽያጩ ላይ ነዳጅ፣ ስብራት፣ ኮሚሽንና ያልተከፈለ ዱቤ ሲቀነስ የሚቀረውን ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ወደ ከፍተኛ መደብ የሚሸጋገር ሰው ሕጉንም ሊያስተውል ይገባል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ለነጋዴ ተቀጥሮ እየዞረ የሚሸጥን ሰው ራሱን ከቻለ የንግድ ወኪል ለይቶ ያስቀምጥ ነበር፤ ያንን የሕጉን ክፍል አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተክቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ በራሱ የንግድ ኃላፊነት ዋጋ እየተቀበለ የሚሠራን ሰው አይሸፍንም፤ የሥራ መሪንም አይሸፍንም። ስለዚህ «በኮሚሽን ሥራ» የተባለ ወጣት የዓመት ፈቃድና የስንብት ክፍያ እንዳለው ከመገመቱ በፊት ውሉ ተቀጣሪ ወይስ ወኪል እንደሚያደርገው ማንበብ አለበት። የአካባቢ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ የተሾመውም ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ከተሰጠው የሚዳኝበት ሕግ ሊለወጥ ይችላል። ሹመቱን በደስታ ሲቀበሉ ይህን የሚያስቡ ጥቂቶች ናቸው።

በሌላው ዓለም ከሽያጭ ተነሥቶ ድርጅት የገነባ ሰው ሲጠቀስ አሜሪካዊው ቶማስ ዋትሰን ቀድሞ ይመጣል። ወጣት ሳለ በጋሪ እየዞረ ፒያኖና የልብስ ስፌት መኪና ይሸጥ ነበር፤ በእ.ኤ.አ. 1890ዎቹ ናሽናል ካሽ ሬጅስተር የተባለ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ፋብሪካ ገባ። የፋብሪካው ባለቤት ጆን ፓተርሰን ለእያንዳንዱ ሻጭ የተከለለ ክልል የሚሰጥና ሻጮችን በትምህርት ቤት የሚያሠለጥን ሰው ነበር። ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1914 ወደ ሌላ ኩባንያ ተዛወረ፤ ያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1924 አይቢኤም ተባለ። ታሪኩ ሲነገር ግን አንድ ምዕራፍ ይዘለላል። ፓተርሰን ለዋትሰን የሰጠው «የንግድ ልማት» ሥራ አሮጌ ማሽን የሚሸጡ ተወዳዳሪዎችን ከገበያ ማስወጣት ነበር፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1913 በውድድር ሕግ ተፈርዶባቸው ፍርዱ በይግባኝ ተሽሯል። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ከልክሏል። «የእኛን ብቻ ከያዝክ ፍሪጅ እንሰጥሃለን» የሚል ውል ለትንሽ አከፋፋይ የተለመደ ስምምነት ሊሆን ይችላል፤ ገበያውን የያዘ ትልቅ ድርጅት ሲያደርገው ግን የሕግ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

ሽግግሩ የገቢ ጥያቄም አለው። ጎበዝ ሻጭ በኮሚሽን የሚያገኘው ከንግድ ልማት ሠራተኛ ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል፤ የንግድ ልማት ውጤት ዘግይቶ የሚመጣ በመሆኑ ጉርሻውም ይዘገያል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ሳያሰላ ቢሸጋገር በስድስተኛው ወር ይቆጨዋል። ከዚያም በላይ በየዕለቱ ሰው ፊት ቆሞ መርታት የሚያስደስተው፣ ወራት የሚፈጅ ድርድር ግን የሚያሰለቸው ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሻጭ ሆኖ ቢቀጥል የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ጥሩ ሻጭ አጥተው መካከለኛ ሥራ አስኪያጅ ያገኙ ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ክፍት አድርጓል፤ የውጭ ባንኮች እንዲገቡም አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ፈቅዷል። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ከተመረጠች ወዲህ በአምቦ በኩል የሚያልፈው እንግዳ ሌላ ዓይነት ንግድ ይዞ መጥቷል። እነዚህ ሁሉ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ አካባቢውን አውቃለሁ ማለት ለማንም ማስረጃ አይሆንም፤ በጽሑፍ መቅረብ አለበት።

ከሻጭነት ወደ ንግድ ልማት ለሚሻገር ሰው የመጀመሪያው ሰነድ ከሁለት ገጽ መብለጥ የለበትም። ስለ አንዲት ከተማ ብቻ ይሁን፤ ጎጆ ወይም ጌዶ ሊሆን ይችላል። ስንት ሱቅ እንዳለ፣ የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ፣ ዕቃው አሁን ከየት እንደሚመጣና በመንገድ ላይ ስንት እንደሚጨመርበት ይመዘግባል። ያልገዙት ባለሱቆች የሰጡት ምክንያት በራሳቸው ቃል ይሰፍራል። ቀጥሎ ማን ወኪል እንደሚሆን፣ መያዣውን ማን እንደሚከፍል፣ መኪናው በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስና ለዚያ የሚወጣው ወጪ በስንት ሳጥን እንደሚመለስ ይሰላል። የመጨረሻው አንቀጽ ብዙዎች የሚረሱት ነው፤ በስንት ወር ውስጥ ሽያጩ ከየትኛው መጠን በታች ከሆነ መስመሩ እንደሚዘጋ፣ በወኪሉ እጅ ያለው ባዶ ጠርሙስም በማን ወጪ እንደሚመለስ አስቀድሞ ይጻፋል።